ስክሪኑ ተሰበረ እንጂ ላፕቶፑ አልሞተም

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ላፕቶፔ ከእጄ አምልጦ ደረጃው ላይ ወደቀ። ወደ መኝታ ክፍሌ ወስጄ ብከፍተው የስክሪኑ ግማሽ ቀለም እንደ ፈሰሰበት ወረቀት ጠቁሯል፤ የቀረው ግማሽ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ምዕራፎች በውስጡ ነበሩ። በዚያ ምሽት ክፍላችን ሸንጎ ሆኖ አመሸ። በነገሩ ላይ ስምንት ሰዎች ፍርድ ሰጠን፤ ሰባቱ ባልንጀሮቼ «ይህ ሞቷል፤ አዲስ ግዛ» አሉ። ስምንተኛው እኔ ነበርሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነርሱ ጋር ተስማምቼ ነበር።

«አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር መካሪውን አንዲት ሳንቲም አያስወጣውም። ያን ላፕቶፕ የገዛችልኝ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ገንዘቡም በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። ስልኬን አንሥቼ «እትዬ፥ ላፕቶፑ ተሰበረ» ልላት ስል፥ «ምኑ ነው የተሰበረው?» ብላ ብትጠይቀኝ የምመልስላት እንደሌለኝ ታወቀኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስጽፍበት የኖርሁትን ዕቃ አሠራር አላውቅም ነበር። ይህችን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ያች ጥያቄ ናት።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ምኑ እንደ ተሰበረ ሳያውቁ «አዲስ ይገዛ» ብሎ መፍረድ ለተማሪ የሚገባ አይደለም። ነገሩ ተመርምሮ ከታወቀ በኋላ ደግሞ፥ ስክሪኑ ብቻ የተሰበረ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ መጠገን እንጂ መጣል የለበትም። ይህን የምለው አሮጌ ዕቃ ስለምወድ አይደለም። ሒሳቡ ስለሚያስገድደኝ ነው፤ ከሒሳቡም ሌላ ወደ መጣል የሚገፋን አንድ የቆየ በሽታ እንዳለብን ስለማምን ነው።

አስቀድመን ዕቃውን እንወቀው። አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን በሁለት ስስ መስተዋቶች መካከል የታሸገ ፈሳሽ ክሪስታል ነው። ከበስተኋላው ነጭ መብራት ይበራል፤ ክሪስታሉም በኤሌክትሪክ እየታዘዘ መብራቱን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል፤ ፊደሉና ሥዕሉ የሚታየንም በዚህ ነው። ይህ ሁሉ ከተቀረው አካል ጋር የሚገናኘው በማጠፊያው በኩል በሚያልፍ አንድ ቀጭን ኬብል ነው። የሚያስበው ክፍልና ጽሑፋችን የተቀመጠበት ዲስክ ግን ያሉት ከቁልፎቹ በታች ነው። እንግዲህ ስክሪን ሲሰበር ጽሑፌ ጠፋ ብሎ ማልቀስ፥ የቤቱ መስኮት ቢሰበር ቤተ ሰቡ አለቀ ብሎ እንደ መጮኽ ነው።

ምርመራውም ትልቅ ባለሙያ አይጠይቅም። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ወይም ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኙት። ምስሉ እዚያ ላይ በደኅና ከታየ ዋናው አካል ጤነኛ ነው። በዚያችው ሰዓት ጽሑፋችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደረሳል። የላፕቶፑ ስክሪን ጨለማ ብቻ ከሆነ የስልካችሁን መብራት አስጠግታችሁ ተመልከቱት፤ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የሞተው የኋላው መብራት ወይም እርሱን የሚመግበው መሥመር ነው። ክዳኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታንቀሳቅሱ ምስሉ የሚሄድና የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ የኬብሉ ሊሆን ይችላል፤ ኬብል ደግሞ ከስክሪን እጅግ ይረክሳል። እንደ እኔው መስተዋቱ ከተሰነጠቀና ጥቁሩ ከፈሰሰ ግን ያ ስክሪን በራሱ አይድንም፤ በሌላ ይለወጣል። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ይህ ሥራ ባትሪውን ማላቀቅ፥ ዙሪያውን ያለውን የፕላስቲክ ጠርዝ መፍታት፥ ጥቂት ብሎኖች ማውጣትና አንድ ኬብል መንቀል ነው። የለመደ እጅ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ያደርሰዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስክሪን ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለቱም 15.6 ኢንች ስለሆኑ ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም፤ የአንዱ መጋጠሚያ ባለ 30 እግር፥ የሌላው ባለ 40 እግር ሊሆን ይችላል፤ ጥራቱም 1366 በ768 ወይም 1920 በ1080 ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መለያ በስክሪኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ሲከፍተው ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ የሚገጠመውንም ከመክፈላችሁ በፊት ከዚያ ጋር አስተያዩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እኔ መርካቶ ወርጄ ሦስት ሱቆች ጠየቅሁ። ከሦስቱ የተሻለው ስክሪኑን ከነሥራው በ9,500 ብር እንደሚለውጥልኝ ነገረኝ፤ ከእኔው ላፕቶፕ ጋር የሚመጣጠን አዲስ ደግሞ ከ60,000 ብር በታች አላገኘሁም። ልዩነቱ ከ50,000 ብር በላይ ነው። ይህን ገንዘብ በወር ከቤታችን ለኪስ በሚላክልን ብናካፍለው ስንት ወር እንደሚወጣው እያንዳንዳችን እናውቃለን። ላፕቶፕ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን ጊዜ የተገዛ ላፕቶፕ ዛሬ በእጃችን ካለ፥ በዚያ ዋጋ ሁለተኛ የማናገኘው ንብረት ነው ማለት ነው። ስክሪኑስ በዶላር የሚመጣ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ክፍል በዶላር መግዛትና ሙሉውን ዕቃ በዶላር መግዛት አንድ አይደለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

«እንግዲያው ያገለገለ በርካሽ ልግዛ» የሚልም አለ። ይህ ሐሳብ ሲሰሙት ብልኅነት ይመስላል። ሆኖም ያገለገለ ላፕቶፕ ታሪኩ የማይታወቅ እንግዳ ነው፤ ውኃ ገብቶበት ይሆን፥ ባትሪው ደክሞ ይሆን፥ ከዚህ በፊት በማን እጅ ተፈትቶ ይሆን፥ ሻጩ አይነግረንም። የራሳችንን የተሰበረውን ግን የት እንደ ወደቀ፥ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፥ የትኛው ቁልፍ እንደሚያስቸግር እናውቃለን። የታወቀ አንድ ጉድለት ካልታወቀ ብዙ ጉድለት ይሻላል። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለችው መሆን ነው።

ይህን ስል ግን ሁሉም ይጠገን ማለቴ አይደለም። መተካት ትክክል የሚሆንባቸው ጊዜያት አሉ፤ እነርሱንም በግልጽ ላስቀምጥ። አንደኛ፥ በሌላ ስክሪን ላይ ሲሞከርም ምስሉ የተበላሸ ወይም የሌለ ከሆነ፥ ጥፋቱ ከስክሪን አልፎ ማዘርቦርድ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ከማውጣት በፊት ረጋ ብሎ ማስመርመር ይገባል። ሁለተኛ፥ አንዳንድ ላፕቶፖች ስክሪናቸው ከክዳኑ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለምሳሌ በማክቡክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ክዳኑ እንዳለ ስለሆነ ዋጋው በጣም ይከብዳል። ሦስተኛ፥ ባትሪውም የሞተ፥ ማጠፊያውም የተሰበረ፥ ቁልፎቹም የተነቀሉ ከሆነ የስክሪኑን ዋጋ ለብቻው ሳይሆን ሁሉንም ደምሮ ማየት ያስፈልጋል። እኔ የያዝሁት መለኪያ፥ የጥገናው ድምር ተመጣጣኝ ምትክ ከሚገዛበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ መተካት ይሻላል የሚል ነው።

አራተኛው የዕድሜ ነገር ነው። የዊንዶውስ 10 የተለመደ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ በሕጉ መሠረት አይጫንም፤ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ያለው ሰው አዲስ ስክሪን ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ይህም ቢሆን የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሊኑክስ በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ ማሽንም ላይ ይሠራል፤ ለእኛ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎች ለመጻፍና ለማንበብ ይበቃናል።

ሒሳቡ እንዲህ ግልጽ ከሆነ፥ በዚያ ምሽት ስምንታችንም «ይጣል» ያልነው ስለ ምንድን ነው? ይህን ስጠይቅ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ «ላስጠግነው ይሆን?» ባልሁ ጊዜ አንዱ ወዳጄ «ምን፥ ምናለሽ ተራ ልትወስደው ነው?» አለ፤ ሁሉም ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ያ ሣቅ ከስክሪኑ ዋጋ ይልቅ አሳስቦኛል። ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው በርሜል ምድጃ፥ ያለቀው ጎማ ጫማ የሚሆንበት ቦታ ነው። አባቶቻችን ጫማ ያስጠግኑ፥ ኮት ያስገለብጡ ነበር። እኛ ግን የተጠገነ ነገር መያዝ የድህነት ማስረጃ ይመስለናል፤ የሚጠግነውንም ሰው ዝቅ አድርገን እናያለን።

በአገራችን ቀጥቃጩ፥ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ መኖራቸውን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ያን የአባቶች ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ አጥብቀን እንነቅፋለን፤ ነጥብም እናገኝበታለን። ነገር ግን ካቻቢቴ ይዞ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውን ወጣት ስናይ ያው ንቀት በሌላ ልብስ ይመለሳል። ዕቃ መግዛትን ሥልጣኔ፥ ዕቃ ማዳንን ኋላ ቀርነት ያደረገው ማን ነው? ሠለጠኑ የምንላቸውማ ወደ መጠገን እየተመለሱ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ዕቃው ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመች ከ10 የተሰጠውን ነጥብ ለገዢው እንዲያሳይ አስገድዳለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ መሠረት፥ ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥሏል፤ ከዚህም በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ እንደ ዋለ የተመዘገበው ከሩብ ያነሰ ነው። በሰፈራችን «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ የሚያውቀውን ነገር ዓለም ዛሬ ገና በጉባኤ ይማረዋል።

ላፕቶፔ ተጠግኗል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእርሱ ነው። ለእኅቴ የደወልሁላት ስክሪኑ ከተለወጠ በኋላ ነው። እንደ ፈራሁትም «ምኑ ነበር የተሰበረው?» አለችኝ፤ መለስሁላት። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ አንተው ከቻልህ ምን ትነግረኛለህ?» አለችና የእናታችንን ጤና ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ለተማሪዎች ኅብረታችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከስድስት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ በእግር የሚሄድ ሰው ላብ ሳያወጣ ይደርሳል። እዚያ ኤሌክትሪክና ማሽን የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ እዚህ የተሰበረ ላፕቶፕ ታቅፈን የምንቀመጥ እኛ አለን። ኅብረቱ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥንና አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ቢያዘጋጅ፥ በወር ሁለት ቅዳሜ ሁለታችንን ቢያገናኘን፥ ማንም ተማሪ ምኑ እንደ ተሰበረ ሳያውቅ ወደ ገበያ አይወጣም። ከመዳን ያለፉትም ማሽኖች በአንድ ሣጥን ቢቀመጡ የአንዱ ኬብል ለሌላው ይሆናል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ የሚሠራው እጅ ተመጣጣኝ ዋጋ ይከፈለው። የእጅ ሥራን እናክብር እያልን በነጻ ብናሠራ ያው ንቀት ነውና።

ይህ ትልቅ ገንዘብም ረዥም ስብሰባም አይጠይቅም። ኅብረቱ ጠረጴዛውን ይስጠን፤ ካቻቢቴውን እኔ አመጣለሁ።