«በሽታው» ከወዴት መጣ?

በየዶርሙና በየላውንጁ የሚሰማ ፍርድ አለ፤ «ጡቷን በቀዶ ጥገና የምታስተልቅ ሴት ሥራ ፈት፣ ፈረንጅ አምላኪ ናት!» ይባላል። አንዳንዱማ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ተራማጅ የሆነ ይመስለዋል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ የሲሊኮን ጡት መጀመሪያ የተቀበረላት ቲሚ ጂን ሊንድሴ የስድስት ልጆች እናትና የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ወደ ድሆች ሆስፒታል የሄደችው የደረቷን ንቅሳት ለማስጠፋት ነው። ጡቴን አስተልቁልኝ አላለችም! ሐሳቡን ያመጡት ክሮኒንና ጌሮ የተባሉት ሐኪሞች ናቸው። (ከእሷ በፊት የሞከሩት በውሻ ላይ ነበር።) እሷን ቅር ያሰኛት ጆሮዋ ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ አስጠጉልኝ አለች። እሺ ብለው ሁለቱንም ሠሩላት። የመጀመሪያዋ «ፈላጊ» እንግዲህ ይቺ ናት። ቀድሞ የመጣው ዕቃው ነው።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1982፣ የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ለመንግሥቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲጽፍ የጡት ማነስ በእርግጥ በሽታ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ልብ በሉ! ልጅ ታጠባለች፣ አያማትም፣ አያተኩሳትም፤ ግን በሽተኛ ናት። መድኃኒቱ ደግሞ ያለው በሽታውን ባወጀው ሰው እጅ ነው። ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

«ሴቶቹ ራሳቸው እየከፈሉ ይሄዱ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይሄዳሉ። ነገር ግን አንድ ላይ አትጨፍልቋቸው። በካንሰር ጡቷን ያጣች አለች፤ እሷን ማን አፍ ከፍቶ ይናገራታል? ግራና ቀኟ ያልተመጣጠነ አለች፤ አጥብታ ጡቷ የረገበባት፣ ባሏ በዓይኑ ሲመዝናት የኖረ አለች። «ለራሴ ብዬ ነው» የምትለውም ብዙ ናት፤ ዋሸች አልልም። መስተዋት ፊት ስትቆም ግን ብቻዋን አይደለችም፤ የመጽሔቱና የስልኩ ሥዕል፣ የመንገዱም ፉጨት አብረዋት ይቆማሉ። የፉጨቱን ነገር በግቢው በር ተደርድሮ የሴት ደረት የሚያማርጠው ጓድ ይንገረን፤ ማታ በዶርም ፈራጁ እሱው ነው እኮ!

ዕቃው ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ ይቀደዳል፣ ይለወጣል፣ እንደገና ይከፈልበታል። በፈረንሳይ ፒፕ የተባለው ኩባንያ ለሰው ገላ ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላበት ኖሮ በ2010 ተጋለጠ። የኩባንያው መሥራች በ2013 አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚያ ቀደም፣ በ2011፣ የፈረንሳይ መንግሥት 30,000 ያህል ሴቶች ዕቃውን እንዲያስወጡ መክሮ ነበር፤ ያው ዳግመኛ በቢላ።