በአማካይ ውጤት የተሸፈነው የሴቶች ጉዳት

ዲፑይ የተባለው ኩባንያ «ኤ.ኤስ.አር» በሚል ስም ይሸጠው የነበረውን ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ገበያ ለመሰብሰብ ተገድዷል። በወቅቱ መሣሪያው ወደ 93 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ተገጥሞ ነበር። ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጎዳ፣ ወደ ደምም ይገባ ነበር። በእንግሊዝና ዌልስ የተሰበሰበው መረጃ እንዳመለከተው፣ ከ8 ታካሚዎች አንዱ ገደማ በ5 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል።

ብረት ለብረት በሚፋተጉት በእነዚህ መገጣጠሚያዎች የሚደርሰው ጉዳት በሴቶች ላይ የበረታ ነበር። በ2013 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ የተለያዩ ሥሪቶችን አካቶ ከ35 ሺህ በላይ የዳሌ ታካሚዎችን ተከታትሏል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች በደህና ያገለገሉ ቢሆንም፣ በሴቶች ላይ የመበላሸት ዕድላቸው ከወንዶች በ29 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

የወንዱና የሴቷ ውጤት በአንድ ላይ ተደምሮ ሲቀርብ የሚደበቀው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ጥቅምም ይደበቃል። የተዳከመ ልብ ግራና ቀኙ ተናብቦ እንዲመታ የሚያግዝ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ተመራማሪዎች በ2014 የ3 ሙከራዎችን መረጃ አንድ ላይ መረመሩ። ከ4 ሺህ በላይ ከሆኑት ተሳታፊዎች ሴቶቹ 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም በልብ ምርመራ ልኬታቸው ከተለመደው መስፈርት ዝቅ ብለው የተገኙ ሴቶች መሣሪያው ሲገባላቸው፣ በልብ ድካም የመጠቃት ወይም የመሞት አደጋቸው በ76 በመቶ ቀንሷል። ተመሳሳይ ልኬት ባላቸው ወንዶች ላይ ግን ግልጽ ጥቅም አልታየም። በሌላ አነጋገር፣ ለሁሉም የወጣው መስፈርት ሊጠቀሙ የሚችሉ ሴቶችን ከበር ይመልስ ነበር።

ኤፍዲኤ በዚያው ዓመት አምራቾች በቂ ሴቶችን በሙከራ እንዲያካትቱና ውጤቱን በጾታ ለይተው እንዲያቀርቡ የሚመክር መመሪያ አውጥቷል። ችግሩ መመሪያው ምክር እንጂ አስገዳጅ ሕግ አለመሆኑ ነው።

ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አገራችን የምትጠቀምባቸው የሕክምና መሣሪያዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ የሙከራው ጉድለት አብሮ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ አስመጪዎችን «በሴቶች ላይ የታየው ውጤት ለብቻው የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ሆስፒታሎችም ለማን የትኛው መሣሪያ እንደገባ በትክክል ካልመዘገቡ፣ ነገ አንዱ ከገበያ ቢሰበሰብ ታካሚዋን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

በቤተሰብ ደረጃም የሚሠራ አለ። እናታችን ወይም እህታችን መሣሪያ ሲገባላት የመሣሪያውን ስምና መለያ ቁጥር በጽሑፍ ተቀብለን እናስቀምጥ። «እንዲህ ያመኛል» ስትል «ይለምድሻል» ብለን አናልፋት። ስለ ገላዋ ለወንድ ሐኪም መናገር ከከበዳት ሴት ሐኪም እንፈልግላት። ሕመምን ደብቆ መኖር ሶብር አይደለም፤ መናገሯ ራሷንም፣ ከእሷ በኋላ ያንኑ መሣሪያ የምትጠብቀዋን ሴትም ሊያድን ይችላል።