ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል?

የሆኪ ቡድኑ ሞንትሪያል ካናዲየንስ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ፕሌይኦፍ ለማለፍ ሰማንያ ሁለቱንም ጨዋታ መጨረስ ነበረበት። ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ተሳሰረ። በኦታዋ ተሸነፈ፤ በማግስቱ ለቶሮንቶ በጭማሪ ሰዓት ነጥብ ጣለ፤ ቀጥሎም በሰንጠረዡ ግርጌ ከሚዳክረው ቺካጎ ጋር ተጫውቶ በመለያ ምት እጁን ሰጠ። ኤፕሪል 16 ቀን በሜዳው ቤል ሴንተር ካሮላይና ሃሪኬንስን ሲያስተናግድ የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። 4 ለ 2 አሸንፎ ሁለት ወሰደ። እርግጥ ነው፣ ካሮላይና ደረጃው አስቀድሞ ስለታወቀ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ነበር የመጣው። ከ21 ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዘው አዳራሽ ውስጥ ግን ያንን ለማንሳት የፈለገ አልነበረም።

ለሆኪ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ከካናዳና ከአሜሪካ የተውጣጡ 32 ቡድኖች ይጫወታሉ። አሸናፊ ሁለት ነጥብ ያገኛል፤ በጭማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈም ባዶ እጁን አይመለስም፣ አንድ ይሰጠዋል። ከ82 ጨዋታ በኋላ ከምሥራቅ ስምንት፣ ከምዕራብ ስምንት ቡድኖች ይቀራሉ። እነዚህ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ፣ እነሱ ፕሌይኦፍ በሚሉት፣ ለስታንሊ ዋንጫ ይፋለማሉ። ሞንትሪያል ከምሥራቁ የመጨረሻዋን ቦታ በ91 ነጥብ ያዘ። ኮለምበስ በ89 ነጥብ ውጭ ቀረ።

ይህ ክለብ ዋንጫውን 24 ጊዜ አንስቷል፤ ከዚህ በላይ ያነሳ የለም። የመጨረሻው ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ የትኛውም የካናዳ ቡድን ዋንጫውን ወደ አገሩ አልመለሰም። ስለዚህ ስምንተኛ ሆኖ መግባት በሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስጨፍር አልነበረም። ያስጨፈረው በሊጉ ውስጥ በዕድሜ ከሁሉም ትንንሽ ከሚባሉት ቡድኖች አንዱ ማለፉ ነው። ደጋፊውም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ገና ልጆች ናቸው፣ ጊዜ ስጧቸው» ይላል። ሌላው ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ባይ ነው፤ ልጆቹን ሸጦ ዛሬውኑ የበሰለ ተጫዋች እንዲገዛ ይወተውታል።

ሁለቱም ወገን ዕድሜን ዋና ነገር አድርጎ መያዙ ነው ስህተቱ። ወጣትነት ለብቻው ተስፋ አይሆንም። በሆኪ ታሪክ ከዓመት ዓመት ወጣት ሆኖ የኖረ፣ ግን አንድም ቀን ያልበሰለ ቡድን ሞልቷል። የሞንትሪያል ተስፋ የሚታመነው ልጆቹ እንዴት እንደተሰበሰቡ፣ በማን መካከል እንደተቀመጡና ከሁሉም በላይ ለስንት ዓመት እንደታሰሩ ሲታይ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ማለት ይጠቅማል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ማንም ሳይጠብቀው እስከ ፍጻሜው ዘልቆ በታምፓ ቤይ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 55 ነጥብ ብቻ ይዞ ከ32 ቡድኖች የመጨረሻው ሆነ። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ብዙ ጊዜ አይታይም። አመራሩ በሙሉ ተቀየረ፤ ጄፍ ጎርተን የበላይ ኃላፊ፣ ኬንት ሂውዝ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በፌብሩዋሪ 2022 አሠልጣኙን አሰናብተው የጠሩት ሰው ደግሞ ፕሮፌሽናል ቡድን አንድም ቀን አሠልጥኖ አያውቅም ነበር። ማርታን ሳን ሉዊ በተጫዋችነቱ የዝና አዳራሽ የገባ ኮከብ ነው፤ በ2004 ከታምፓ ጋር ዋንጫ አንስቷል፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተብሏል። ሲጠራ ግን ሥራው ታዳጊዎችን ማሠልጠን ነበር። ወጣት በነበረበት ጊዜ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ፣ ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ይህ ታሪኩ በኋላ ለመረጣቸውና ላመናቸው ልጆች ትርጉም ነበረው።

በ2022 ሴፕቴምበር ኒክ ሱዙኪ በ23 ዓመቱ አምበል ሆነ፤ በክለቡ ታሪክ እንደ እሱ በለጋ ዕድሜ አምበል የሆነ የለም። ከዚያ ዓመት ድራፍት አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ስሎቫኪያዊው ዩራይ ስላፍኮቭስኪ ነበር። ቡድኑ የመጨረሻ ሆኖ ያገኘው ሽልማት ይኸው ነው። ነገር ግን ከዚያ ድራፍት የተገኘው ትልቁ ሀብት ሌላ ቦታ ተደብቆ ነበር። ሌን ሃትሰን የተመረጠው በ62ኛ ነው። አንድ ሜትር ከ75 ገደማ የሚሆን ተከላካይ፣ ግዙፎች በሚላተሙበት ሊግ! ተጫዋች መልማዮች ቢያልፉት አይፈረድባቸውም። ልጁ ግን የተጋጣሚን ክልል በሚለየው ሰማያዊ መስመር ላይ ፓኩን ይዞ ሲቆም (ሆኪ ኳስ የለውም፣ በበረዶው ላይ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው) ትከሻውን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ተጋጣሚው ሲከተለው በጫማው ጠርዝ ተሽከርክሮ ወደ ቀኝ ይወጣል። ለማለፍ ጉልበት አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ 60 ጎል አመቻችቶ አቀበለ፤ ላሪ መርፊ በ1981 ከያዘው የጀማሪ ተከላካዮች ክብረ ወሰን ጋር እኩል ሆነ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎም ካልደር ትሮፊን ወሰደ። በዚያው ዓመት ሱዙኪ ያስቆጠረውና ያቀበለው ተደምሮ 89 ነጥብ አስመዘገበ። እንደ ሃትሰን ሁሉ ቁመቱ አጭር የሆነው ኮል ኮፊልድ ደግሞ 37 ጊዜ መረቡን ነካ።

ዓመቱን የወሰነው ግን ጎል ሳይሆን ሳይደረግ የቀረ ዝውውር ነው። ሊጉ በፌብሩዋሪ ለአራት አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ሲቆም ሞንትሪያል 25 አሸንፎ፣ 26 ተሸንፎ፣ በአምስቱ በጭማሪ ሰዓት ነጥብ ጥሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቡድን ልማዱ የታወቀ ነው፤ የማርች የዝውውር መዝጊያ ሳይደርስ ኮንትራታቸው የሚያልቅ አንጋፋዎችን ሸጦ የድራፍት ምርጫ ይሰበስባል። ሂውዝ አልሸጠም። ሊሸጥ ነው ሲባል የነበረውን ጄክ ኢቫንስን ለአራት ዓመት አስፈረመው፤ እነ ጆኤል አርሚያና ዴቪድ ሳቫርም ባሉበት ቀሩ። ከዕረፍቱ በኋላ በተደረጉት 26 ጨዋታዎች ቡድኑ 15 አሸንፎ በአምስት ብቻ ተሸነፈ፤ ቀሪዎቹ ስድስቱ በጭማሪ ሰዓትና በመለያ ምት ያለቁ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋም ግልጽ ነው። ያ ውሳኔ ከየትኛውም የሁለተኛ ዙር ድራፍት ምርጫ ይበልጣል። የ21 ዓመት ልጅ ማርች ወር ላይ አጠገቡ የሚለብሰው አንጋፋ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ካየ፣ ክለቡ ለዘንድሮ ውድድር ግድ እንደሌለው ይገባዋል። ደጋግሞ ካየው ደግሞ ይለምደዋል።

የለመዱት በቡፋሎ ናቸው። የከተማዋ ቡድን ሴበርስ ከ2011 በኋላ እስከ 2025 ድረስ ለ14 ተከታታይ ዓመት ፕሌይኦፍ አልገባም፤ በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል የራቀ የለም። ተሰጥኦ አጥቶ እንዳይባል፣ በ2018 እና በ2021 ድራፍቱን አንደኛ ሆኖ የመረጠው እሱ ነው፤ በ2014 እና በ2015 ደግሞ ሁለተኛ። የሄዱት ሰዎች ዝርዝር ነው የሚያሳዝነው። ራያን ኦራይሊ በተሸጠ በዓመቱ ከሴንት ሉዊስ ጋር ዋንጫ አነሳ፤ የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ጃክ አይክል በ2023 ከቬጋስ ጋር አነሳ። ሳም ራይንሃርት ከፍሎሪዳ ጋር በ2024 እና በ2025 ደገመው፤ በሁለተኛው ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ብቻውን አራት ጎል አስቆጠረ። የቡፋሎ ደጋፊ «ገና ልጆች ናቸው» ሲባል ቢናደድ ማን ይፈርድበታል? ልጆቹ አደጉ፤ ያደጉት ግን በሰው ቤት ነው።

ሞንትሪያል በፕሌይኦፉ የገጠመው የምሥራቁን አንደኛ፣ ዋሽንግተን ካፒታልስን ነው። (በዚያች ከተማና በዙሪያዋ የሚኖረው ሀበሻ ብዙ ነውና ከአንባቢዎች መካከል ለካፒታልስ የሚያደላ አይጠፋም፤ ይቅርታ እየተጠየቀ ይቀጥላል።) በመጀመሪያው ጨዋታ ካፒታልስ 2 ለ 0 ሲመራ ከቆየ በኋላ ኮፊልድና ሱዙኪ አቻ አደረጉት፤ በጭማሪ ሰዓት ግን የ39 ዓመቱ አሌክሳንደር ኦቬችኪን ጨረሰው። ሞንትሪያል ሁለተኛውንም ተሸነፈ። በሦስተኛው፣ በቤል ሴንተር፣ 6 ለ 3 አሸነፈ፤ ጆሽ አንደርሰንና ቶም ዊልሰን ተያይዘው በካፒታልስ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ እስኪወድቁ ድረስ የተጋጋለ ምሽት ነበር።

ሁሉን ነገር የሚያሳየው ግን አራተኛው ጨዋታ ነው። ሞንትሪያል ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ 2 ለ 1 እየመራ ጀመረ። ቢያሸንፍ ሁለት ለሁለት ይሆናሉ። አንድ ሜትር ከ93 የሚረዝመው ዊልሰን የካናዲየንሱን ተከላካይ አሌክሳንደር ካሪየን በራሱ ክልል አግኝቶ በትከሻው ደፈጠጠው፤ ካሪየ በረዶው ላይ እንደተዘረረ ፓኩ ተነጠቀ፣ ብራንደን ዱሄምም አቻ አደረገ። አዳራሹ ዝም አለ። ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር አንድሩ ማንጂያፓኒ አስቆጠረ፤ ከዚያ ግብ ጠባቂው ለተጨማሪ አጥቂ ቦታ ለቆ በወጣበት መረብ ሁለት ተጨምሮ 5 ለ 2 ሆነ። በአምስተኛው ጨዋታ 4 ለ 1 ተሸንፈው ተሰናበቱ። ልጆቹ በፍጥነትም በቴክኒክም አላነሱም፤ ያነሱት አንድ ግጭት የጨዋታውን መንፈስ ሲቀይር መልሶ በማረጋጋት ነው።

ይህ ያስቆጨው ደጋፊ ያሸነፈውን ቡድን ታሪክ ቢያይ ይረጋጋል። ዋሽንግተን በ2007 መጨረሻ የሊጉ ግርጌ ላይ ሆኖ አሠልጣኝ ቀየረ፤ የ22 ዓመቱ ኦቬችኪን ይዞት ተነሳና በመጨረሻው ቀን ፕሌይኦፍ ገባ። በመጀመሪያው ዙር በፊላደልፊያ በሰባተኛው ጨዋታ፣ በጭማሪ ሰዓት ወደቀ። በ2010 በ121 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆኖ ሳለ ደግሞ ስምንተኛ ሆኖ በገባ ቡድን ተረታ፤ ያ ቡድን ሞንትሪያል ነበር። ዋንጫውን ያነሳው በ2018 ነው። ፒትስበርግ ፈጥኖታል፤ በ2007 ወጣቱ ሲድኒ ክሮዝቢ የመራው ቡድን በኦታዋ ልክ እንደ ሞንትሪያል በአምስት ጨዋታ ተሰናብቶ ነበር፣ በ2009 ግን ሻምፒዮን ሆነ። ኒው ጀርሲ ደግሞ በ2023 በወጣቶች 112 ነጥብ ሰብስቦ አንድ ዙር ካለፈ በኋላ በዓመቱ ጭራሽ ፕሌይኦፍ አልገባም። አንድ ዓይነት መንገድ የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሞንትሪያል የግድ አንድ ደረጃ ይወጣል ብሎ የሚምል ሰው የማያውቀውን ነው የሚምለው።

የሚታወቀው ሂሳቡ ነው፤ ጸሐፊው ተስፋውን የጣለውም እዚያ ላይ ነው። ሊጉ ለሁሉም ክለብ እኩል የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ለ2025–26 የተቀመጠው 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ማውጣት ስለማይቻል አንድ ኮከብ ላይ የተረፈች ሚሊዮን ሌላ ተጫዋች ትገዛለች። ሱዙኪ በዓመት 7.875 ሚሊዮን፣ ኮፊልድ 7.85፣ ስላፍኮቭስኪ 7.6 ያገኛሉ። ሦስቱ ተደምረው የጣሪያውን ሩብ አይሞሉም፤ የአንዳቸውም ኮንትራት ከ2030 በፊት አያልቅም። ሃትሰንም በኦክቶበር 2025 ለስምንት ዓመት በ8.85 ሚሊዮን ፈረመ። ከዚያ በፊት፣ በዚያው ዓመት በጋ፣ ኖአ ዶብሰን መጣ፤ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና ኤሚል ሃይነማን ለኒው ዮርክ አይላንደርስ ተሰጥተው የ25 ዓመት ተከላካይ በስምንት ዓመት ኮንትራት ተወሰደ። ያ ዝውውር ከንግግር ሁሉ ይበልጥ ይናገራል፤ አመራሩ የነገ ልጆችን ለዛሬ ተጫዋች መለወጥ ጀምሯል፤ የለወጠው ግን ከዋናዎቹ ልጆች እኩያ በሆነ ሰው ነው። በ2024 አምስተኛ የተመረጠው ኢቫን ዴሚዶቭም አለ። ከሩሲያ መጥቶ በመጀመሪያ ጨዋታው፣ በዚያው በቺካጎ ሽንፈት፣ አንድ አስቆጥሮ አንድ አቀብሎ ነበር።

አንድ ቀዳዳ ግን በ2025–26 መጀመሪያ ማንም ያልሞላው ነበረ። ከሱዙኪ ጀርባ ሁለተኛውን የአጥቂዎች መስመር የሚመራ የመሀል አጥቂ አልነበረም። ለዚያ ቦታ የታሰበው ከርቢ ዳክ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀዶ ሁለት የውድድር ዘመን ተበላሽቶበታል፤ ክርስቲያን ዶቮራክ በ2025 በጋ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። በፕሌይኦፍ ጊዜ ተጋጣሚ ምርጥ ተከላካዮቹን በሙሉ ሱዙኪ ላይ ሲያሰማራ ሌላ የሚያስጨንቀው ሰው ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ላይ አልነበረም።

ደጋፊው ከ2022 ጀምሮ ብዙ ታግሷል፤ ቲኬት ገዝቶ ሽንፈት ተመልክቷል። ቡድኑ በአንድ ዓመት ሁለትና ሦስት ነጥብ ዝቅ ቢል ጩኸት አያስፈልግም። የማርች የዝውውር መዝጊያ ሲደርስ ፉክክሩ ውስጥ እያለ፣ የደመወዝ ቦታና የድራፍት ምርጫ በእጁ ይዞ፣ ያ የመሀል አጥቂ አሁንም ካልመጣ ግን ጎርተንና ሂውዝ ከቤል ሴንተር ፉጨት ቢሰሙ ይገባቸዋል።