ስለ ሽቦ አልባው የጆሮ ማዳመጫ ሕመምና መድኃኒቱ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፤ በገበዝ ማርያምና በዙሪያዋ ባለው ባላገር ሁሉ ሽቦ የሌለው የጆሮ ማዳመጫ እየበዛ መሄዱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ወጣቶቹ ዜማ ይሰሙበታል፤ ተማሪው ትምህርቱን ያጠናበታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዐረብ አገር የሄደባቸው አባትና እናት የልጃቸውን ድምፅ አጠገባቸው እንደ ተቀመጠ ሆኖ የሚሰሙበት ዕቃ ስለ ሆነ፤ በቤት ውስጥ ያለው ክብር ከመጠኑ እጅግ የበለጠ ነው። ክብሩም በበለጠ መጠን፤ አንድ ቀን ዝም ባለ ጊዜ የሚነሣው ቁጣ የዚያኑ ያህል ይሆናል። «ማን ነካው? ማን ጣለው? ማን ውሃ አስነካው?» እየተባለ የቤት ልጅና የቤት ሠራተኛ በምርመራ ይጨነቃሉ። ይህን የመሰለው ዳኝነት ብዙውን ጊዜ ያለ ማስረጃ የሚፈረድ ስለ ሆነ፤ ዛሬ በዚህ ገጽ የመሣሪያውን ሕመም ከነመድኃኒቱ ልናመለክት አሰብን።

አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ይህች ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ራሷን የቻለች ራዲዮ ናት፤ በውስጧ ድምፅ የሚያወጣ፤ ድምፅ የሚቀበልና ኃይል የሚሰጥ ባትሪ አለ። ከስልኩ ጋራ የምትነጋገርበት ጥበብ ብሉቱዝ ይባላል። ይህም ጥበብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ የተጀመረ ሲሆን፤ ስሙ በ10ኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን ይገዛ ከነበረው ከንጉሥ ሀራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ንጉሡ የተለያዩትን ወገኖች አንድ እንዳደረገ፤ ይህም ጥበብ የተለያዩትን መሣሪያዎች ያገናኛል ሲሉ ሰየሙት። ሞገዱ ከ2,400 እስከ 2,483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይመላለሳል፤ በአንድ ጎዳናም አይቆምም፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እስከ 1,600 ጊዜ መንገዱን ይለውጣል፤ ሽፍታ እንዳይጠብቀው በየጊዜው መንገድ እንደሚቀያይር ነጋዴ ማለት ነው። ኃይሉ ግን ትንሽ ስለ ሆነ እንደ ተለመደው ከ10 ሜትር ብዙ አያልፍም።

በነገራችን ላይ፤ በ1933 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ከጎጃም ሲባረር፤ ጋዜጠኛ የነበረው ጆርጅ ስቲር የሚመራው ክፍል በድምፅ ማጉያ እየተጣራ የጠላት ወታደሮች ከድተው እንዲመጡ ይሰብክ ነበር። ያን ጊዜ የጥበቡ ክብር ድምፅን ወደ ሩቅ ማድረስ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ድምፅን ከአንድ ሰው ጆሮ በቀር ለሌላ እንዳይሰማ ማድረግ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ሕመሙ እንመለስ። ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ «አንዱ ይሰማል፤ አንዱ ዝም ብሏል» የሚለው ነው። ይህ ሲሆን ተበላሸ ብሎ ከመደምደም በፊት ሁለቱንም ወደ ሣጥናቸው መልሶ የሁለቱም መብራት መብራቱን መመልከት ነው። ያንዱ ካልበራ ዕቃው አልሞተም፤ ተርቧል እንጂ። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የብረት ነጥቦችና በማዳመጫው ሥር ያሉት ነጥቦች ሲነካኩ ነው ኃይል የሚተላለፈው፤ በመካከላቸው የላብ ጨው ወይም አቧራ ከተጋገረ ሌሊቱን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቢያድርም ባዶውን ይነሣል። በደረቅ ጥጥ፤ ካስፈለገም በጥቂት አልኮል በረጠበ ጥጥ ነጥቦቹን ጠርጎ አድርቆ መመለስ ብቻ ብዙዎቹን ያድናል። መብራቱ በርቶ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ሁለቱ ማዳመጫዎች እርስ በርሳቸው ተለያይተው ይሆናል። ያን ጊዜ በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ያለውን የማዳመጫውን ስም አጥፍቶ፤ ሁለቱን በሣጥን ውስጥ አድርጎ፤ ከዕቃው ጋራ የመጣችው ወረቀት እንደምታዝዘው ቁልፉን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደ አዲስ ማገናኘት ነው። ወረቀቷን እንደ ገዙ መጣል በቤታችን የተለመደ ክፉ ልማድ ነው፤ ቁልፉ ያለበት ስፍራ እንደ ሠሪው ይለያያልና።

ሁለተኛው አቤቱታ «ስልኬ አላየውም፤ አልገናኝም አለኝ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የቤተ ሰብ ጠብ የሚነሣበት ምሥጢር አለ። ማዳመጫው ከዚህ በፊት የተገናኘውን ስልክ አይረሳም፤ ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ወደ ቀድሞ ወዳጁ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት ማታ ልጅየው ዜማ ሰምቶበት እንደ ሆነ፤ ዛሬ እናትየዋ ሲከፍቱት በጓዳ ካለው ከልጁ ስልክ ጋራ ተያይዞ ይቆያል፤ እርሳቸውም «ሰበራችሁት» ይላሉ። ማንም አልሰበረውም። የሌላውን ስልክ ብሉቱዝ ማጥፋት፤ ከዚያም በራሳቸው ስልክ መጥራት ይበቃል። በአንድ ቤት ሦስትና አራት ሰው በአንድ ማዳመጫ የሚገለገል ከሆነ፤ የተጠቀመበት ሰው ሲጨርስ የስልኩን ብሉቱዝ እንዲያጠፋ ደንብ ማውጣት ይሻላል። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር በአንድ ማዳመጫ ብዙ ሰው መገልገሉን ራሱን አንወድም፤ የጆሮ ሕመም ከጆሮ ወደ ጆሮ ሊያልፍበት ይችላልና። ግድ ከሆነ ጎማውን ለየራስ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው የድምፁ መቆራረጥ ነው። ስለዚህ ነገር በከተማ የሚኖሩ ሰዎች የዋይፋይን መጨናነቅ ያነሣሉ፤ እውነትም ዋይፋይና ምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ በዚያው ሞገድ ክልል ይሠራሉ። በባላገር ግን ዋናው መጋረጃ የሰው ገላ ነው። ይህን ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፤ የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ ነው። ስልኩን በኋላ ኪስ አድርጎ የሚሄድ ሰው ድምፁ ቢቆራረጥበት ወደ ደረት ኪስ ያዛውረው፤ ልዩነቱን ወዲያው ያያል። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ፈተና አለ፤ እርሱም እንዲህ ነው። ከሩቅ የሚደውለው ልጅ ድምፁ ሲቆራረጥ፤ ጥሪው ካለቀ በኋላ በስልኩ ላይ ተቀርጾ ያለ አንድ መዝሙር ወይም ዘፈን በዚያው ማዳመጫ ይሰማ። ይህ ጥርት ብሎ ከተሰማ ማዳመጫው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የኔትዎርኩ ነው፤ ወደ ኮረብታው ወጣ ብሎ መደወል እንጂ አዲስ ማዳመጫ መግዛት አይረዳም። በዚህች ትንሽ ምርመራ ብዙ ብር ይድናል።

ስለ ኃይል አሞላል ሰፋ አድርገን ልንናገር እንወዳለን። በሣጥኑም በማዳመጫውም ያለው ባትሪ ሊትየም የሚባለው ዐይነት ነው፤ በፈረንጆች 1991 በጃፓኑ በሶኒ ኩባንያ ለገበያ የወጣ ሲሆን፤ ሠሪዎቹ ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለውበታል። በጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ አቅሙ እየደከመ መሄዱ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለገለ ማዳመጫ ቶሎ ቢያልቅ አርጅቷል እንጂ አልተበላሸም። ነገር ግን አዲስ ሣጥን «አልሞላም» ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። በሁለቱም ጫፍ ጠባብና ሞላላ የሆነውን ዐዲሱን ገመድ አንዳንድ ርካሽ ሣጥኖች አይቀበሉም፤ ባንዱ ጫፍ ሰፊ የሆነውን የቀድሞውን ገመድ ሲሰኩበት ወዲያው ይበራሉ። መብራት በጠፋ ጊዜም ከፓወር ባንክ የሚሞላ ሰው ሌላ እንቅፋት ያገኘዋል፤ ማዳመጫው የሚጠጣው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፤ ፓወር ባንኩ «የሚሞላ የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ስልክም አብሮ ቢሰካበት አይጠፋም። ከፀሐይ ኃይል የሚሞላ ሰው ደግሞ ሣጥኑን ከጥላ ያኑረው እንጂ ከሰሌዳው አጠገብ ከፀሐይ አያስጣው፤ ሙቀት የዚህ ባትሪ ዋና ጠላት ነው። ያበጠ ባትሪ የታየበት ሣጥን ከቶ አይሞላ፤ አይወጋ፤ ወደ እሳትም አይጣል።

የእኛ አገር ልዩ ሕመም ደግሞ አቧራና በርበሬ ነው። የቡሬ በርበሬ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በሚቀነጠስበትና በሚፈጭበት ወራት ብናኙ ከልብስም ከእጅም አይጠፋም። በዚያ እጅ የተያዘ ማዳመጫ ወደ ጆሮ ሲገባ የሚያደርሰውን ቃጠሎ የቀመሰ ያውቀዋል። እጅን ታጥቦ ማድረግ፤ ሥራው እስኪያልቅም በሣጥኑ ማኖር ይገባል። የድምፁ ማሳነስ ግን ከብናኝ ይልቅ የሚመጣው ከጆሮ ኩክ ነው። ኩኩ በማዳመጫው አፍ ላይ ባለው ጥቃቅን ወንፊት ላይ ይጋገራል፤ ሰውየውም ማዳመጫው ደከመ ይላል። ሲያጸዱ ጎማውን አውልቆ ለብቻው በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ መተው፤ ወንፊቱን ግን ወደ ታች ደፍቶ በደረቅና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ ነው። በመርፌና በወስፌ የሚጎረጉሩ ሰዎች ወንፊቱን ቀድደው ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ ይህ ሕክምና ሳይሆን ግድያ ነው።

በክረምት ዝናብ የመታው ማዳመጫ ወደ ሣጥኑ ከመመለሱ በፊት ተጠርጎ አንድ ቀን ሙሉ በነፋሻ ስፍራ ይድረቅ። በሩዝ ወይም በጤፍ ውስጥ መቅበር ተሰምቷል፤ ዱቄቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ስለሚገባ አንመክረውም። በማሸጊያው ላይ «አይ ፒ ኤክስ 4» የሚል የተጻፈበት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው፤ «አይ ፒ ኤክስ 7» የሚለው በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ሁለቱም ሳሙናና ላብን የሚጨምር ተስፋ አይደሉም፤ ሣጥኑንም ብዙ ጊዜ አይመለከቱም። አስመስሎ በተሠራ ዕቃ ላይ ግን ጽሕፈቱ ራሱ አይታመንም። ዛሬ ብዙ ሰው ማንኛውንም ሽቦ አልባ ማዳመጫ ኤርፖድ ብሎ ይጠራዋል፤ ኤርፖድ ግን አፕል የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች ታኅሣሥ 2016 ለገበያ ያወጣው የአንዱ ዕቃ ስም ነው። ሻጭ ስሙን ስለ ጠራ ዕቃው ያው አይደለም።

የሚያነጋግሩት ሰው «አልሰማህም» ካለ፤ ነጠላው ወይም ጋቢው የድምፅ መቀበያዋን ትንሽ ቀዳዳ ሸፍኗት እንደ ሆነ ይታይ። ቀኝና ግራውም አይቀያየር፤ «አር» የሚለው ፊደል የቀኝ፤ «ኤል» የሚለው የግራ ነው። ከጆሮ የሚወድቅ ወይም ድምፁ የሚቀጥን ከሆነ ጎማው አልበቃውም ማለት ነውና፤ በማሸጊያው ያሉትን ትልቅና ትንሽ ጎማዎች መለካት ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያዩ ድምፁ ከአፍ ጥቂት ወደ ኋላ ቢዘገይ የጥበቡ ጠባይ ነውና አያስደንግጥ።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ በዚያ ዳር የሚሄድ ልጅ ሁለቱንም ጆሮውን ደፍኖ እንዳይሄድ ወላጆች ይከልክሉ። የመኪና ጥሩምባ የማይሰማ እግረኛ ዐይኑን ከጨፈነ አይሻልም።

የቀረን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ከሆነው ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በከፍተኛ ድምፅ ምክንያት የመስማት ኃይላቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ድርጅቱ ለዐዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ የማይጎዳው መጠን 80 ዴሲቤል፤ ለልጅ ደግሞ 75 ዴሲቤል ነው ይላል፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የዐዋቂው ጊዜ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በውስጥ ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ጠጉሮች አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ልጁ ማዳመጫውን ካወለቀ በኋላ «ጆሮዬ ይጮህብኛል» ቢል፤ ወይም አጠገቡ የቆመ ሰው ከጆሮው የሚወጣውን ዜማ ቢሰማ፤ ያን ቀን ማዳመጡ ይቁም።

ለሽማግሌዎቻችን ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ይመጣል። አባት «ይህ ዕቃ ድምፁ ጠፍቷል፤ ሌላ ግዙልኝ» ይላሉ፤ ልጆቹም ሌላ ይገዛሉ፤ ከጥቂት ወር በኋላ ያው አቤቱታ ይደገማል። እንዲህ ሲሆን ማዳመጫው ተጠርጎ ለሌላ የቤት ሰው ጆሮ ይሰጥ። እርሱ በልኩ ድምፅ ጥርት አድርጎ ከሰማ የታመመው ዕቃው አይደለም። አባት ደግሞ ይህን በራሳቸው አፍ አይናገሩትም፤ በጉባኤ መካከል «ምን አላችሁ?» ማለት ስለሚያሳፍራቸው ራሳቸውን በዝምታ ይለያሉ፤ ሰዎቹም «ዕድሜ ነው» ብለው ይተዋሉ። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ነርስ በጥቂት ደቂቃ ታወጣዋለች። ያ ካልሆነም ጆሮን ለመለካትና ለመስማት የሚረዳውን መሣሪያ ለማዘዝ ሐኪም ያስፈልጋል፤ የዜማ ማዳመጫ የዚያ ምትክ አይሆንም። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ ወደዚያ ይውሰዷቸው። እስከዚያው ድረስ በክብሪት እንጨት መጎርጎር፤ የሞቀ ዘይት ወይም ቅቤ ወደ ጆሮ ማፍሰስ ይቅር፤ የጆሮው ታንቡር ተቀድዶ እንደ ሆነ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ያልፋልና።