«የት ቀረ?» የሚል ሰው

በአሶሳ በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ወላጆች ደጋግመው የጠየቁኝ «ልጃችን የአእምሮ መድኃኒት ጀምሯል፤ ከእንግዲህ ይበቃዋል?» እያሉ ነው። መድኃኒቱ ጥሩ መነሻ ነው። በቀጠሮው ቀን ሲቀር «የት ቀረ?» ብሎ የሚፈልገው ሰው ግን የግድ ያስፈልገዋል።

ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «አላመመኝም» ይላል። ሻል ሲለው ክኒኑን ያቆማል፣ ከሰው ይሸሻል። ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያየው ከሌለ ሕመሙ ያገረሻል። ያን ጊዜ ግራ የገባው ቤተሰብ ሰንሰለት ያነሳል።

ታዲያ አንድ ባለሙያ ስንቱን መከታተል ይችላል? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የመንግሥት መመሪያ ለአንድ የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ባለሙያ ቢበዛ 35 ታካሚ ይል ነበር። ሕመማቸው ለጠናና ከሕክምና ለሚርቁ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ወደ 10 ወይም 12 ዝቅ ይል ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። በቡታጅራ የተካሄደው ትልቅ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 1,000 ሰዎች 5 ያህሉ ስኪዞፍሬኒያ፣ ሌሎች 5 ያህሉ ደግሞ ባይፖላር እንዳለባቸው አሳይቷል። 5,000 ነዋሪ ባለው ቀበሌ ግማሹ በዚህ ዕድሜ ቢሆን 25 ሰው ማለት ነው። በደንቡ ለእንዲህ ያለ ቀበሌ የሚመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 2 ናቸው። ክትባቱም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ የእኛ አካባቢ ወባም የሚጠብቀው እነሱኑ ነው። የ25 ሰው በር በየሳምንቱ አንኳኩ ብንላቸው ፍርድ አይሆንም።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ለ1 ዓመት ቤት ለቤት ደገፉ፤ ቤተሰብን አስተማሩ፤ ከማኅበረሰቡም ጋር አቀራረቡ። 166 ታካሚዎች የተሳተፉበት የጥናቱ ውጤት በ2014 ዓ.ም ታትሟል። ከጤና ጣቢያ ሕክምና በተጨማሪ ይህን ድጋፍ ያገኙት፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ችለዋል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ልጃችሁን የሚከታተለውን ሰው በስም እወቁ። ስንት ታካሚ እንደያዘ፣ ልጃችሁ ሲቀር ማን እንደሚደውል ጠይቁ። ስልካችሁን አስመዝግቡ። ቀጠሮውን ከእናት ሌላ አንድ የቤተሰብ ሰው ይያዘው፤ እናትም ታማ ትተኛለችና። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራም ስለ ውኃና ስለ መንገድ እንደምናነሳው ሁሉ፣ ስለ ቤት ለቤት ክትትል አንሱ።

እድራችን ለቅሶ የቀረውን አባል ስም ጠርቶ ያውቃል። ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከቀጠሮ የቀረውንም ልጅ መፈለግ አያቅተውም።