የጎንደር በሮችና የሞያሌ ሹማምንት

በኬንያዪቱ ሞያሌ ተቀምጠው አማርኛ የሚማሩ ሹማምንት፥ ቋንቋውን ለማጠንከር ከአዲስ አበባ ሌላ የትኛውን ከተማ ቢጐበኙ እንደሚበጃቸው ለማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። የእኛ ምርጫ ጎንደር ናት። መንገዱ በእርግጥ ቅርብ አይደለም። በያቤሎ፥ በዲላና በሐዋሳ አልፎ አዲስ አበባ ለመድረስ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል፤ ከዚያም ወዲያ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ሲዘዋወሩ ይኖሩ ነበር፤ «ከተማ» የሚለውም ቃል በጥንት አነጋገር የንጉሡ ጭፍራ የሰፈረበትን ሥፍራ ያመለክት ነበር። ፋሲል በየማዕዘኑ ክብ ማማ ያለው ግንብ ሠሩ። ከእርሳቸውም በኋላ ቀዳማዊ ኢያሱ፥ አፄ ዳዊት፥ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩ።

ጎብኚ ሁሉ ከደረሰ በኋላ የሚሮጠው ወደ ግንቡ ነው። እኛ ግን ሹም ለሆነ ሰው አስቀድሞ ቅጥሩን መዞር ይሻለዋል እንላለን። ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ድካም የለበትም። በዚህ ቅጥር ላይ ዐሥራ ሁለት በሮች ነበሩ፤ የብዙዎቹም ስም የሥራ ስም ነው። በወምበር በር የሚገቡት ዳኞች ናቸው፤ «ወምበር» በዚያ ዘመን መቀመጫውን ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ የሚፈርደውን ሰው ጭምር ያመለክታልና። እምቢልታ በር የነፊዎቹ፥ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። ተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ ግብር፥ እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ የውስጥ ማረፊያ፥ ፊት በር ደግሞ ወደ አደባባዩ። እንቆዬ በር ግን በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም የተጠራ ነው።

ይህን ከሌላ የታወቀ መናገሻ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ የጐበኟት ቤይጂንግ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1420 የተፈጸመ የነገሥታት ግቢ አላት፤ ስፋቱም የጎንደሩን ግቢ ዐሥር ጊዜ ያህል ነው። በሮቹ ግን አራት ብቻ ናቸው። በደቡቡ በር የመካከለኛው መግቢያ ለንጉሡ ብቻ ተለይቶ ሲቀመጥ፥ ሹማምንቱ በጐን በጐን ይገቡ ነበር፤ በመንግሥቱ ፈተና ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሰዎች አንድ ጊዜ በመካከሉ እንዲወጡ ይፈቀድላቸው ነበር። እንግዲህ በዚያ በሩ የሚለየው የሰውን ማዕረግ ነው። በጎንደር ግን በሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው ጉዳዩን ነው።

ተማሪ «ባልደራስ»ን ከ«ባልደረባ» ጋር እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ። በቤተ መንግሥት ሥርዓት ከሩቅ ለመጣ ሰው ጉዳዩን ወደ ንጉሡ የሚያደርስለት ሹም ሲመደብለት፥ ያ ሹም ባልደረባው ይባል ነበር። ዛሬ ቃሉ የሥራ ጓደኛን ያመለክታል፤ የቀድሞው ትርጉም መዘንጋቱ ያሳዝነናል። ባልደረባ ያላገኘ ሰው ያለው ምርጫ ደጅ መጥናት ነበር፤ ይኸውም ሹመት ወይም ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ በጌታ በር ብዙ ቀን መቆየት ነው።

ይህ አነጋገር ከነገሥታቱ ጋር አላለፈም። በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ በአሠራሩ መሠረት ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚሻገር ሰው የሁለቱንም አገር ሹማምንት የሚያገኘው በኬንያ በኩል ባለው ሕንፃ ነው። አንዲት ነጋዴ በዚያ መስኮት ቆማ «ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ» ብትል፥ ቃሉን የማያውቅ ሹም ስለ ቤት በር የምትናገር ይመስለዋል፤ ወረቀቷም ከሌሎቹ በታች ይቀራል። የሚያውቀው ግን አቤቱታ መሆኑን ተረድቶ፥ ለማን እንዳመለከተችና ማን «ነገ ነይ» እንዳላት ይጠይቃታል። የጫነችው ቲማቲም ከሆነ ሦስት ቀን ምን ያህል እንደሚጐዳት ማስረዳት አያስፈልግም።

ጎንደር መናገሻነቷ ከደከመ በኋላ ብዙ መከራ አይታለች። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ዘረፏት፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ከእሳቱ ከዳኑት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ በጣራው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ሳያይ ማንም እንዳይመለስ እንመክራለን። ግቢው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው፥ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት፥ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላንም መሄድ ይቻላል። በጥር ወር ለጥምቀት በፋሲል መዋኛ የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ መኝታን ቀደም ብሎ መያዝ ያሻል። በሮቹን ቀስ ብሎ ለማንበብ የሚፈልግ ግን በጥቅምት ቢሄድ ይመረጣል፤ ዝናሙ ያበቃል፥ ከቅጥሩም ሥር ሣሩ ገና ለምለም ነው።