ስለ አቃቂ ውሃ

ከእንጦጦ ተራራ የሚወርዱት ቀበናና ግንፍሌ ሲነሡ ንጹሓን ናቸው። በከተማው መካከል ሲያልፉ ግን የየቤቱን እድፍና የመጸዳጃውን ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ ትንሹ አቃቂም በምዕራብ በኩል የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል፤ ኹለቱም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ስለ ኾነ፥ የተጣለበትን ኹሉ ወደ ውቅያኖስ የሚያሻግርበት መንገድ የለውም።

ቀድሞ ዝናሙን ሣሩና ረግረጉ እየመጠጠ በዝግታ ይለቀው ነበር። ዛሬ መሬቱ በአስፋልትና በቆርቆሮ ስለ ተሸፈነ የሐምሌ ጎርፍ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በበጋ በጭቃ ውስጥ ተኝቶ የነበረውንም መርዝ ቀስቅሶ ይወስዳል።

ረግረግ ውሃን ያጣራል ማለት እውነት ነው። ቄጠማው የውሃውን ሩጫ ሲገታው አፈሩ ይዘቅጣል፤ የሰውና የከብትም እድፍ ይበሰብሳል። ቆዳ ለማልፋት የሚገባው ክሮሚየም ግን ከማዕድን ወገን ነውና በጭቃው ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። በዚሁም ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል።

በ2011 ዓ.ም. የተዠመረው የወንዝ ዳር ማሳመር የሚመሰገን ነው፤ ኾኖም ዳሩ አምሮ ውሃው እንደ ነበረ ቢቀር፥ ዓይን ቢደሰትም አፍንጫ ይመሰክራል። ስለዚህ ሹማምንቱ ፍሳሹ ከፋብሪካው በር ሳይወጣ እንዲጣራ ማስገደድ፥ የቀረውንም ረግረግ ለቤት መሥሪያ እንዳይሰጥ መከልከል ይገባቸዋል። ካህናቱም በየአጥቢያቸው ቆሻሻን ወደ ወንዝ መጣል ባልንጀራን መበደል መኾኑን ቢያስተምሩ፥ ቃላቸው ከቅጣት ይልቅ ይሰማል። ሥራውም ጎርፉ ሳይቀድም፥ ከሚመጣው ክረምት በፊት ሊዠመር ይገባዋል።